ነጥብ ሰብሳቢው ወንድሜ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

አራት ካርድ። በእማ አልጋ ላይ እንደ መጫወቻ ካርታ ደረደራቸውና፣ "አየሽ እታለም፣ ይኼ ለአስቤዛ፣ ይኼ ለነዳጅ፣ ይኼ ከአገር ስወጣ፣ ይኼ ደግሞ ሊቀየር ነው" አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከካናዳ ደብረ ታቦር ገብቶ፣ እናቱ ፊት ተቀምጦ የሚያወራው ስለ ፕላስቲክ ነው።

እንደ ተማሪ አዳመጥሁት። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከዚህም የባሰ ማብራሪያ ችዬ አውቃለሁ። የገባኝ ይኼ ነው። እዚያ አገር ባንኩ ክሬዲት ካርድ ይሰጥሃል። በካርዱ ዕቃ በገዛህ ቁጥር ነጥብ ይጻፍልሃል። ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። አንዱ ካርድ ለዳቦና ለወተት አምስት እጥፍ ይሰጣል፣ ሌላው ለነዳጅ። አዲስ ካርድ ሲያወጡ ደግሞ "በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ግዛ፣ የነጥብ ጉርሻ አለህ" ይሉታል። ይሁኔ ጉርሻውን ይውጥና ዓመታዊ ክፍያው ሳይደርስ ካርዱን ቀይሮ ወደ ሌላው ይዘላል። ዘጠኝ ዓመት የሠራው ሥራ ይህ ነው። መኪናም ይጠግናል፤ ስለ እሱ ግን ሲያወራ አልሰማሁም።

"እዚህ የመጣሁት በነጻ ነው" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"በነጻ ከሆነ ለምን ዘጠኝ ዓመት ቆየህ?"

ካርዶቹን ሰበሰበ።

የመጣበትን ልጻፍ፤ ካርዱ አስረሳኝ። እማን ይዟት ሊሄድ ነው። የሁላችን ታናሽ ፋሲካ እዚያው ካናዳ፣ ኤድመንተን ናት። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባተኛ ወሯ። ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ብሏታል። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ ነው፣ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚውል የሚያድር። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ነው የተወለደ። ስለዚህ እማ ቶሎ መድረስ አለባት። ቪዛው ወጥቷል። የቀረው መሳፈር ብቻ ነው። ቲኬቱ በነጥብ ነው። በገንዘብማ ማንም መናኛ ይገዛል!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የዛሬውን ሳልጽፍ አላድርም።

ለካ አዲሱ ካርድ ጉርሻውን እንዲሰጠው ገና ጥቂት ወጪ ይቀረዋል። ቀኑ ደግሞ እየገሰገሰበት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ደብረ ታቦርን ሲዞር ከረመ። በካርድ ልክፈል ብሎ የጠየቃቸው፦

ሥጋ ቤቱን።
ጋቢ ሻጯን።
ሁለት ባጃጅ።
ሱፉን የሰፋለትን ልብስ ሰፊ።

ሙዳየ ምጽዋቱን አልጠየቀም። እስካሁን።

ጎረቤታችን ጋሽ አስማማው ለሱቃቸው ፍሪጅ ሊገዙ ባሕር ዳር እንደሚሄዱ ሰማ። ሮጠ። "ጋሼ፣ እኔ በካርዴ ልክፈልልዎ፣ አንቱ ጥሬውን ለእኔ ይስጡኝ።" ደግ ሰው ናቸው፤ እሺ አሉት። መንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት ሲወርዱ ሻይ ሻጯንም ካርድ ትቀበያለሽ ወይ ብሏታል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ አስማማው ናቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ባሕር ዳር ማሽን ያለው ሱቅ ተገኘ። ካርዱ ገባ፤ እምቢ። ደግሞ ገባ፤ እምቢ። ሦስተኛው ላይ ኢሜይል መጣለት፦ አጠራጣሪ ግዢ ስላየን ለደኅንነትዎ ስንል ሒሳብዎን ዘግተናል። የተዘጋው አንዱ ካርድ ብቻ አይደለም። የባንኩ ካርዶች ሁሉ፣ ነጥቡም፣ ደመወዙ የሚገባበትም። በሩ አንድ ነው፣ ቁልፉም አንድ።

ጋሽ አስማማው ፍሪጁን በጥሬ ብር ገዝተው መጡ። ይሁኔ ከኋላ ተቀምጦ፣ ፍሪጁን አቅፎ ነው የገባ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ባንኩ ሒሳቡን የሚከፍተው ማንነቱን ሲያረጋግጥ ነው። የሚያረጋግጠው በስልኩ ኮድ ልኮ ነው። በካናዳው ስልኩ። የካናዳው ስልክስ? ከመምጣቱ በፊት "ለማልጠቀምበት ወር አልከፍልም" ብሎ መስመሩን አዘግቶታል።

እሺ፣ መስመሩን ላስከፍት ብሎ ስልክ ኩባንያው ዘንድ ደወለ። እነሱም ማንነትህን እናረጋግጥ፣ ኮድ እንላክልህ አሉት። ወዴት? ወደ ተዘጋው ስልክ። ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ አድርጌ ባወጣ ተማሪዎቼ መምህሯ ታመመች ይላሉ።

"ግድ የለም፣ የእማ ቲኬት ተቆርጦ የለ" አልሁት።

ስልኩን አገላበጠ።

"ይሁኔ።"

"ነጥቡን ወደ አየር መንገዱ ስታዛውሪ ተጨማሪ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። እሱን እየጠበቅሁ ነበር።"

አልቆረጠም! ደግሞ የባሰው መጣ። ነጥቡ ያለው በአሮጌው ካርድ ላይ ነው። አሮጌው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ እሱን ላለመክፈል ሳይመጣ በፊት ክፍያ በሌለው ካርድ ይቀየርልኝ ብሎ አመልክቷል። የሚቀየረው እሑድ ነው። ከተቀየረ በኋላ ነጥቡ የአውሮፕላን ቲኬት አይሆንም። ባንኩ በሚሸጠው ዕቃ ብቻ ነው የሚለወጠው። ምን ምን ዕቃ? ሻንጣ። ብርድ ልብስ። ዳቦ መጥበሻ።

"እናቴ በዳቦ መጥበሻ አትሄድም" አልሁት።

ይህን ሁሉ ብልጠት ያየሁበት ሰው የመጨረሻ መድረሻው ይህ ነው። ብልጥ ነኝ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ሲቆጥር ከርሞ፣ ሞኝ እንኳ የማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ በሁለት እግሩ ገባ። ለእማ ምንም አልነገርናትም። ለፋሲካ የምትወስደውን በርበሬ እያስፈጨች ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ከክፍል ወጥቼ ስገባ ይሁኔ ቤት የለም። እማ "ወደ ጋፋት በኩል ወጣ፣ እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል ብሎ" አለችኝ። ተከትዬ ሄድሁ።

ገብስ የታጨደበት ማሳ መካከል ቆሞ አገኘሁት። ስልኩን እንደ መስቀል ወደ ላይ ይዞታል። ከስልኩ ሙዚቃ ይወጣል። ባንኩ ሲያስጠብቅ የሚያሰማው ነው። አርባ ደቂቃ። አጠገቡ ነዶ የሚከምሩ ገበሬ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል።

"ሠርግ ነው?" አሉኝ።

"ባንክ ነው አባቴ።"

"ባንክ ይዘፍናል?"

በመጨረሻ አንድ ሰው አነሣ። ይሁኔ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ እንግሊዝኛ ጀመረ። ስሙን ተናገረ፣ የተወለደበትን ቀን ተናገረ። ጠፋ። መስመሩ ተቆረጠ። እኔ ሳቅሁ። መያዝ አልቻልሁም። ገበሬውም ሳቁ። ይሁኔ ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ ቀልቷል። ነፋሱ ነው አለ። ኅዳር ላይ ጋፋት ነፋስ አለ፣ እውነቱን ነው። ግን ነፋሱ አልነበረም።

አላዘንሁለትም። ልጻፈው፣ አላዘንሁለትም።

ማምሻውን ፋሲካ ደወለች። ደም አይታ ሐኪም ቤት አድራለች። አሁን ቤቷ መልሰዋታል። "ለእማ እንዳትነግሩ። መቼ ነው የምትመጣ?" አለችኝ። በቅርብ አልሁ። ስልኩን ዘግቼ ይሁኔን አየሁት። ሰምቷል። እራቱን አልበላም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

በእኔ ስልክ ጥቅል ሞልቼ፣ ከቤት፣ በር ዘግተን ደወልን። እማ ቤተ ክርስቲያን ነች። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ። ከዚያ አንዲት ሴት። ኮዱ አይደርሰኝም፣ ኢትዮጵያ ነኝ አላት። እንግዲያው በጥያቄ ላረጋግጥ አለች።

አድራሻ፤ መለሰ።
የት ነው የምትሠራ፤ መለሰ።
መጨረሻ ልትገዛ የሞከርኸው ዕቃ፤ "ፍሪጅ" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ፦ የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም?

እዚያ አገር ሴቷ ስታገባ የባሏን ስም ትወስዳለች፤ ስለዚህ የድሮው ስሟ ምሥጢር ይሆናል። እኛ አገር ማን ስሙን ይቀይራል? ካርዱን መጀመሪያ ሲያወጣ ግን አንድ ነገር ጽፏል። ምን እንደጻፈ አያስታውስም።

"ውቤ" አለ፣ የእማን አባት ስም። አይደለም አለችው።

"ጥሩነሽ" አለ፣ የእማን ስም። አይደለም። አንድ ዕድል ቀርቶሃል፣ ከሳትህ ራስህ ቅርንጫፍ መምጣት አለብህ።

ሦስተኛውን ሳይሞክር ዘጋው። በሕይወቱ የሠራው ብልህ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ስም ሲጽፍ ዋለ። የአያቶቻችንን። የእማን የክርስትና ስም። በእንግሊዝኛ አንድ ኤ፣ ሁለት ኤ። አጠገቡ ሆኜ የአፌን ሁሉ ነገርሁት። "ለየትኛው ዳቦ ስንት ነጥብ እንደሚጻፍ በቃልህ ታውቃለህ። የእናትህን ስም አታውቅም" አልሁት። እሱም "አንቺስ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ጥሩነሽ ውቤ!" ብዬ ጮኽሁበት። "እሱማ አይደለም ተባለ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እማ ከገበያ ስትገባ እየተጨቃጨቅን አገኘችን። ዘንቢሏን እንኳ አላስቀመጠችም።

"ምን ሆናችኋል? ፋሲካ ናት?"

ይሁኔ ሁሉንም ነገራት። ካርዱን፣ እሑድን፣ የጠፋውን ስም። ደሙን ብቻ ዘለለ። እኔ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ዘንቢሏን አውርዳ መደቡ ላይ ተቀመጠችና፦

"አንጓች ብለህ ይሆናላ" አለች።

ማን ናት አንጓች?

እሷ ናት። እናቴ ናት። እብናት በኩል ተወልዳ አባቷ ያወጡላት ስም አንጓች ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ስትዳር የአባታችን እናት "ምራቴን ራሴ ባወጣሁት ስም ነው የምጠራ" ብለው ጥሩነሽ አሏት። መታወቂያዋም፣ ቪዛዋም፣ ሁሉም ጥሩነሽ ነው።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚህ ቤት ወጥቼ የኖርሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ብቻ ነው። አላውቅም ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኋት።

"ማን ጠየቀኝ? እሱ ነው የጠየቀኝ። የሄደ ሰሞን ደውሎ፣ 'እማ፣ ሳታገቢ ስምሽ ማን ነበር?' አለኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም። ስልኩን ይዤ አለቀስሁ። እኔስ ናፍቄው የጠየቀኝ መስሎኝ።" ወደ ይሁኔ ዞረች። "ለካ ለባንኩ ነው?"

ይሁኔ መሬት መሬት አየ። "አዎ እማ።"

"ይሁን" አለች። ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳበችና፣ "ቢሆንም ጠይቀኸኛል" አለች።

ወደ እኔ አላየችም። ባየች ይሻለኝ ነበር።

ደወልን። ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራላቸው። ሰውየው ቆየ፣ ቆየ፤ እናመሰግናለን አለ። ተከፈተ። ይሁኔ ዘሎ እማን ሳማት። እኔ ውጭ ወጥቼ ያልደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ አነሣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ መልስ። እዚያ አገር ገና ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ጊዜ አለን። ነጥቡን ወደ አየር መንገዱ አዛወረው። ተጨማሪ የለውም፣ ያለ ጉርሻ፤ ፊቱ የሚያሳዝን ነበር፣ ማለቴ የሚያስቅ። ከዚያ ወንበር ፈለገ። እሱ ማክሰኞ ነው የሚመለሰው፤ እማ በዚያው አውሮፕላን ከኋላ ትሆናለች ብሎ ነበር። በነጥብ የሚገኘው የኋላ ወንበር አልቋል። ረቡዕ የለም። ሐሙስም የለም። እስከ ገና ድረስ አንድ አልተገኘም።

"ታዲያ አንተስ የት ነህ የምትቀመጠው?" አልሁት።

ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ፤ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ለካ ጌታው ለራሱ ቀደም ብሎ በነጥብ የያዘው የፊተኛውን ነው። ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነውን። ነፍሰ ጡር እህቱ የምትጠብቃት የስድሳ ስምንት ዓመት እናቱ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ተዘርግቶ! ያልሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። እማ ጓዳ ሆና "ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" እስክትለኝ ድረስ ነው።

ስልኩ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰጠኝና አየሁት። የራሱን ሰርዞታል። የፊተኛው ወንበር በእማ ስም ሆኗል። ለራሱ በዚያው አውሮፕላን ከኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ በገንዘብ ገዝቷል።

"በየትኛው ካርድ?" አልሁት።

"በአዲሱ። ጉርሻውን ሞላልኝ።"

ደግነት ነው? ወይስ ሌላ ወንበር ስላልነበረ? ወይስ ለጉርሻው? ልጠይቀው ነበር። ተውሁት። መልሱን እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሁለት ክፍል አስተምሬ አስፈቅጄ ወጣሁ። ሻንጣ።

የእማ ዝርዝር፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የአጃ ዱቄት ለአራስ፣ ቅቤ በሦስት ፌስታል የታሰረ፣ ጸበል፣ የሕፃን መታቀፊያ ጋቢ።

የይሁኔ ዝርዝር፦ ቅቤው ይፈስሳል፣ ጸበሉ አይፈቀድም፣ ዱቄት ያስጠይቃል። የፊተኛው ወንበር ግን ተጨማሪ ሻንጣ ያስይዛል፣ "አየሽ፣ ይኼ ጥቅሙ ነው" አለኝ። አየሁ።

እማ ጸበሉን ከሻንጣው አውጥታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

መንገዱ ክፍት ነው ተባለ፣ በጠዋት ወጣን። ባሕር ዳር ኤርፖርት በር ላይ ተለያየን። እማ አላለቀሰችም። "ዶሮዋን አደራ፣ ልትፈለፍል ነው" አለችኝ። ይሁኔ አቀፈኝና "ይቅርታ እታለም" አለኝ። ስለ የቱ እንደሆነ አልተናገረም። እኔም ይቅርታ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ኮቱን ደርብላት፣ እዚያ በረዶ ነው" አልሁት።

ስመለስ ጋሽ አስማማው ከአዲሱ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጡኝ። በነጻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ደወሉ። ደርሰዋል! እማ ራሷ ነች ስልኩን የያዘችው፣ እየጮኸች ነው የምታወራ።

"መንገዱስ? ወንበሩስ?" አልኋት።

"ልጄ፣ ወንበሩ አልጋ ይሆናል ብለው አንዷ መጥታ ዘረጋችልኝ። አጠገቤ የማላውቀው ወንድ አለ። እንዴት ብዬ ነው የምጋደም? መልሽው አልኋት። ነጠላዬን ተከናንቤ ቁጭ ብዬ ደረስሁ።"

የዘጠኝ ዓመት ዳቦና ወተት። የዘጠኝ ዓመት ነዳጅ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ከኋላዋ የይሁኔን ድምፅ ሰማሁ፣ እሱም ይስቃል። ከዚያ ሌላ ሳቅ ሰማሁ። ፋሲካ ናት። ስትስቅ ከሰማኋት ወራት ሆኗል።

"እንዴት ናት?" አልኋት።

"እግሯ አብጧል፣ እያሸሁላት ነው። ልጁ ይራገጣል፣ አሁን እጄ ሥር ነው። በይ ደኅና ዋይ፣ ስልኩን በቅቤ ለወስሁት።" ዘጋችው።

ገና ሁለት ወር ይቀራል። ሁለት ወር ብዙ ነው። ግን ከትናንት ወዲያ እማ አጠገቧ አልነበረችም።

በእረፍት ሰዓት የይሁኔ መልእክት ገባ። "እታለም፣ አንድ ሌላ ባንክ አዲስ ካርድ አውጥቷል፣ ጉርሻው ጉድ ነው። አሁን ብጀምር ቲኬትሽ ለክረምት ዕረፍትሽ ይደርሳል። የኋላ ወንበር። ምን ትያለሽ?"

ይህ ሰው አይማርም። አልመለስሁለትም።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ግን ፎቶ ቤት ገብቼ ጉርድ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው "ለፓስፖርት ነው?" አለኝ። ለመታወቂያ ነው ብዬ ዋሸሁት።